«ባትሪ ዝቅተኛ ነው» ለሚል ማስጠንቀቂያ የትኛው መሣሪያ ይቀድማል? የቻርጀር፣ የሶኬት ቮልት መለኪያና የቴስተር ግምገማ

የመኪናው ዳሽቦርድ «ባትሪ ዝቅተኛ ነው» የሚል መልእክት ላወጣበት ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ቻርጀር ሳይሆን ቴስተር ነው። ብያኔዬን ከወዲሁ የማስቀምጠው እኔ ራሴ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ በመጀመሬ፣ ለሦስት ሳምንታት ያህል የችግሩን ምንጭ ሳላውቅ ባትሪውን ደጋግሜ ስሞላ ስለቆየሁ ነው። እዚህ የምገመግማቸው መሣሪያዎች ሦስት ናቸው፦ ባለ 5 አምፔር ስማርት ቻርጀር፣ በሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የቮልት መለኪያ፣ እና ብዙዎቻችን ቴስተር እያልን የምንጠራው ዲጂታል መልቲሜትር። ሦስቱንም በራሴ ገንዘብ ገዝቼ፣ በአንድ መኪናና በአንድ ባለ 60 አምፔር-ሰዓት (የመያዝ አቅሙ መለኪያ ነው) ባትሪ ላይ ለወራት ተጠቅሜባቸዋለሁ።

ወደ መሣሪያዎቹ ከመግባቴ በፊት ሁለት የተለያዩ ማስጠንቀቂያዎችን መለየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ማደባለቅ ምንም ያልሆነ ባትሪ እስከማስቀየር ያደርሳልና። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚበራው፣ ባትሪ የሚመስለው ቀይ ምልክት በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ባትሪው ሳይሆን ባትሪውን ስለሚሞላው ክፍል ነው፦ ዲናሞው ማመንጨት አቁሟል፣ ቺንጊያው ላልቷል ወይም ተበጥሷል፣ አለዚያም በመካከል ያለ ሽቦ ተቋርጧል። በብዙ መኪኖች ላይ ያው ቺንጊያ የውሃ ፓምፑንም ስለሚያሽከረክር፣ ይህ ምልክት ከሞተር ሙቀት መጨመር ጋር አብሮ ከመጣ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው። እኔን የገጠመኝ ግን ሌላው ነው፤ መኪናው ሁለት ቀን ቆሞ ከዋለ በኋላ ቁልፉን ሳዞር በጽሑፍ የሚወጣ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ደግሞ የሚጠፋ መልእክት። እንዲህ ያለው መልእክት በባትሪው ውስጥ የቀረው ኃይል ማነሱን ይነግራል እንጂ ለምን እንዳነሰ አይነግርም። ባትሪው አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ዲናሞው በበቂ አይሞላው ይሆናል፤ የባትሪው ማሰሪያ ላልቶ ወይም ዝጎ ይሆናል፤ መኪናው አጫጭር መንገድ ብቻ እየሄደ፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ የወሰደውን ኃይል ሳይተካ ይቆም ይሆናል፤ አለዚያም መኪናው ቆሞ ሳለ አንድ ነገር በስውር ኃይሉን እየጠጣው ይሆናል። እነዚህ ሁሉ የሚያወጡት መልእክት አንድ ዓይነት ነው።

እኔ ይህን ሳላጤን በቅድሚያ ቻርጀሩን ገዛሁ። በመሣሪያነቱ ከተመዘነ ጥሩ ዕቃ ነው። ስማርት የሚያሰኘው ኃይል የሚሰጠው በደረጃ መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ ሙሉውን 5 አምፔር ይለቃል፣ የባትሪው ቮልት 14.4 አካባቢ ሲደርስ ቮልቱን እዚያው ይዞ አምፔሩን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ ባትሪው ሲሞላ ደግሞ ወደ 13.5 ቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ ሙላቱን ይጠብቃል። ከባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ አካባቢ የሆነ አምፔር ባትሪውን ሳያሞቅ ስለሚሞላ፣ 5 አምፔር ለእኔ ባለ 60 ተስማሚ መጠን ነው። በግማሽ የወረደውን ባትሪ ለመሙላት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል፤ ማታ ሰክቶ ጠዋት ለሚነቅል ሰው ይህ በቂ ነው። ቀዩና ጥቁሩ ቆንጣጭ ቢቀያየሩ ኃይል አይለቅም፤ ስህተት መኖሩን በመብራት ያሳያል። አጠቃቀሙን በተመለከተ የመመሪያ ወረቀቱ የሚለውን አጥብቄ እደግፋለሁ፦ ቆንጣጮቹ ከታሰሩ በኋላ ብቻ ወደ ግድግዳው ሶኬት ይሰካል፣ ሲነቀልም በተቃራኒው ከግድግዳው ይጀመራል። ጥቁሩ ቆንጣጭ ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም ባልተቀባ የመኪናው ብረት ላይ ይያዛል። ምክንያቱም በመሞላት ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 ከመቶ ከደረሰ በአንዲት ብልጭታ የሚቀጣጠል ስለሆነ፣ ብልጭታም ቢፈጠር ከባትሪው ርቆ መፈጠር አለበት። አየር የማይዘዋወርበት ዝግ ክፍልም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቅሬታዬ ያለው «ሞልቷል» የሚለው አረንጓዴ መብራቱ ላይ ነው። ይህ መብራት የሚያውቀው የባትሪውን ቮልት እንጂ የመያዝ አቅሙን አይደለም። በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ የእርሳስ ሰልፌት ጠጥሮ አቅሙ የተሟጠጠ ባትሪ ቮልቱ ቶሎ ስለሚወጣ አረንጓዴውን በፍጥነት ያበራል፤ ባለቤቱም ባትሪው ቶሎ በመሙላቱ ይደሰታል። በጣም ወርዶ የነበረ ባትሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ሞላ» ከተባለ ነገሩ ለጥርጣሬ የሚያበቃ እንጂ መልካም ዜና አይደለም። ሁለተኛው ቅሬታዬ መሠረታዊ ነው፦ ቻርጀሩ ችግሬን ደበቀብኝ። በየሦስት ቀኑ ስሞላ መልእክቱ ይጠፋል፤ መኪናው ሁለት ቀን ሲቆም ይመለሳል። ያማከርኩት አንድ መካኒክ ምንም ሳይለካ «ባትሪው አልቋል፣ ቀይረው» አለኝ። ቢቀየር ኖሮ አዲሱም ባትሪ በሁለት ቀን ውስጥ ያንኑ መልእክት ያወጣ ነበር።

በሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካውን የቮልት መለኪያ በአጭሩ ልለፈው። ሞተሩ እየሠራ ዲናሞው መሙላት አለመሙላቱን በጨረፍታ ለማየት ያገለግላል፤ ከዚያ ያለፈ እምነት ሊጣልበት አይገባም። የሚለካው ከባትሪው ጫፍ ሳይሆን ከረጅም ሽቦና ከብዙ መገናኛ ወዲህ ነው፤ በዚያ ላይ ሶኬቱ ኃይል እንዲያገኝ ቁልፉ ሲዞር ሌሎች ዕቃዎችም አብረው ስለሚበሩ ቮልቱ ይወርዳል። በአንድ ወቅት እሱ 11.9 ሲያሳይ ቴስተሩ ባትሪው ጫፍ ላይ 12.3 አሳይቶኛል። የዚህ ልዩነት ትርጉም ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያው ቁጥር «ባዶ ነው» ሲያሰኝ ሁለተኛው «ከግማሽ በላይ አለ» ያሰኛል። ቁልፉ ከተነቀለም በኋላ ሶኬቱ ኃይል በማያጣባቸው መኪኖች ላይ ደግሞ መለኪያው ራሱ ሌት ተቀን ኃይል ይወስዳል።

ቴስተሩ ከሦስቱ የመጨረሻው ግዢዬ ነበር፤ የመጀመሪያው መሆን ነበረበት። ለዚህ ሥራ ውድና ረቂቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እስከ 20 ቮልት የሚለካ የዲሲ መስመር፣ የ200 ሚሊቮልት መስመርና እስከ 10 አምፔር የሚያስተላልፍ ቀዳዳ ካለው ይበቃል። ይሁን እንጂ ስትገዙ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ተመልከቱ፦ የ10 አምፔሩ ቀዳዳ በፊውዝ የተጠበቀ መሆኑን። በብዙ ርካሽ ቴስተሮች ላይ ከዚያ ቀዳዳ ጎን ፊውዝ እንደሌለው በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፎ ይገኛል። የመኪና ባትሪ በቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር የሚለቅ በመሆኑ፣ ያለ ፊውዝ አንዲት ስህተት ሽቦውን በእጃችን ላይ ታቀልጣለች።

ልኬቱ የሚጀምረው ባረፈ ባትሪ ነው። መኪናው ከተነዳ ወይም ከተሞላ በኋላ ወዲያው ቢለካ በሰሌዳዎቹ ገጽ ላይ የቀረው ሙላት ቁጥሩን ያጋንነዋል፤ ስለዚህ መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ጠዋት በሮቹን ሳልከፋፍት ኮፈኑን ብቻ አንሥቼ እለካለሁ። ጥቁሩ ሽቦ «ኮም» በሚለው፣ ቀዩ በቮልቱ ቀዳዳ ውስጥ ይሆናል፤ ጫፎቹም የሚነኩት ማሰሪያውን ሳይሆን የባትሪውን የእርሳስ ጫፍ ራሱን ነው። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ፣ 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ፣ ከ11.9 በታች ደግሞ ባዶ ሊባል የሚችል ነው። ባትሪው የታሸገ፣ አሲዱ በመስታወት ሱፍ ውስጥ የተያዘበት ዓይነት ከሆነ ሙሉው ወደ 12.8 ከፍ ይላል። ጋስተን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ጀምሮ የኬሚስትሪው መሠረት ስላልተለወጠ፣ ይህ ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ ባትሪ ባለው በየትኛውም መኪና ላይ ይሠራል፤ ባትሪው ከተሠራባቸው ስድስት ክፍሎች (ሴሎች) እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፣ ስድስቱ ሲደመሩ 12.6 ይሆናሉ። በዚሁ ስሌት ተሞልቶ የቆየ ባትሪ 10.5 አካባቢ ላይ ከቀረ አንድ ሴል ሞቷል ማለት ነው፤ ያንን ምንም ቻርጀር አያድነውም። የእኔው ባትሪ ሁለት ቀን ቆሞ 12.27 አነበበ። ወርዷል፣ ግን አልሞተም።

ቀጥሎ አንድ ሰው ሞተሩን ሲያስነሣ ቁጥሩን ተመለከትኩ። ሞተሪኖው በሚዞርበት ቅጽበት ቮልቱ መውረዱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ጥሩ ሙላት ባለው ባትሪ ላይ ከ9.6 በታች ከዘለቀ ግን የባትሪው ጉልበት ደክሟል። የእኔ 10.4 ላይ ቆመ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ 14.2 ሆነ፤ መብራቱንና ማራገቢያውን ስከፍትም ከ13.9 አልወረደም። በተለመደው ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.7 ያለው ጤነኛ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ኮምፒዩተሩ ቮልቱን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው፣ በአንድ ንባብ ብቻ ዲናሞውን መኮነን ስህተት ነው፤ ለጥቂት ደቂቃዎች መከታተል ያስፈልጋል። በእነዚህ ሁለት ልኬቶች ባትሪውም ዲናሞውም ከተጠርጣሪነት ወጡ፤ ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

በማሰሪያዎቹ ላይ ግን አንድ ነገር አገኘሁ። በፖዘቲቩ ማሰሪያ ዙሪያ ነጭ፣ ዳር ዳሩን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዱቄት ተጋግሮ ነበር። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በእርሳሱ ላይ፣ ሌላውን በማሰሪያው ብረት ላይ አድርጌ ሞተሩ ሲነሣ ስለካ 0.4 ቮልት አየሁ። ሁለቱ ብረቶች በትክክል ቢነካኩ ኖሮ በመካከላቸው ከዜሮ ብዙም የማይርቅ ቁጥር ነበር የሚታየው፤ ከ0.2 ካለፈ መጽዳት አለበት። የእጅ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጌ፣ በመጀመሪያ ኔጌቲቩን ቀጥሎም ፖዘቲቩን ፈታሁ። ይህ ቅደም ተከተል የልማድ ጉዳይ አይደለም፤ ኔጌቲቩ ታስሮ እያለ ፖዘቲቩን የሚፈታው መፍቻ የመኪናውን አካል ቢነካ ባትሪው በመፍቻው በኩል በቀጥታ ይገናኛል። ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጬ ሳፈስበት ዱቄቱ አረፋ እየደፈቀ ለቀቀ፤ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ እርሳሱ እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጌ፣ በውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ፖዘቲቩን አስቀድሜ ካሰርኩ በኋላ ላዩን ቫዝሊን ቀባሁት። ልኬቱ ወደ 0.05 ወረደ። ሞተሩ አነሣሡ ፈጠነ፤ መልእክቱ ግን ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ወጣ። በእነዚያ ቀናት ከተሰማኝ ተስፋ መቁረጥ ይልቅ አሁን የማስታውሰው የቀረው ጥርጣሬ አንድ ብቻ መሆኑን ነው።

ስውር ፍጆታን መለካት ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ሲሆን፣ የቴስተሩ እውነተኛ ዋጋ የታየኝም እዚህ ላይ ነው። ቀዩ ሽቦ ወደ 10 አምፔር ቀዳዳ ይዛወራል፤ ቴስተሩም በኔጌቲቩ እርሳስና በተፈታው ማሰሪያ መካከል ይገባል፤ ስለዚህ ወደ መኪናው የሚሄደው ኃይል ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ማስነሣት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሞተሪኖው የሚፈልገው አምፔር የቴስተሩን ፊውዝ ወዲያውኑ ይበጥሳል። የቴስተሩ ሹል ጫፎች በእጅ ካልተያዙ አይቆሙም፤ ይህ ግልጽ ጉድለቱ ነው። ቆንጣጭ ያላቸው ሽቦዎች ለብቻቸው ገዝቼ ነው ሥራው የተቃናልኝ፤ አምራቹ አብሮ ቢያቀርባቸው መልካም ነበር።

መጀመሪያ የታየው ቁጥር ከ3 አምፔር በላይ በመሆኑ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ነገር ግን የመኪናው ኮምፒዩተሮች ገና አልተኙም ማለት ነው። በሮቹን ዘግቼ፣ ቁልፉን ከመኪናው አርቄ፣ ክፍት የነበረውንም የኮፈን ማቆለፊያ በተራ ካቻቪቴ ገፍቼ የተዘጋ በማስመሰል አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። እንደ መኪናው ከ20 እስከ 60 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ወርዶ 0.44 አምፔር ላይ ተተከለ። ለሰዓትና ለማንቂያ ደወል የሚያስፈልገው ተገቢ ፍጆታ በአብዛኛው ከ0.05 አምፔር አይበልጥም። 0.05 አምፔር ባለ 60ውን ባትሪ ለመጨረስ 1200 ሰዓት፣ ማለትም 50 ቀን ይፈጅበታል፤ 0.44 ግን በቀን ከ10 አምፔር-ሰዓት በላይ ስለሚወስድ በሦስት ቀን ግማሹን ይጨርሳል። መልእክቱ ለምን ከሁለት ቀን በኋላ እንደሚወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ገባኝ።

የትኛው መስመር እንደሆነ ለማወቅ ፊውዞችን አንድ በአንድ መንቀል የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ነቅሎ መመለሱ የተኙትን ኮምፒዩተሮች ሊያነቃቸው ይችላል። ስለዚህ ማሰሪያውን መልሼ አስሬ፣ ቀዩን ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳው መመለሴን ሁለት ጊዜ ካረጋገጥኩ በኋላ (በአምፔር ቀዳዳ እንዳለ ቮልት ለመለካት መሞከር ባትሪውን በቀጥታ እንደማገናኘት ነው)፣ መኪናው እንደገና እስኪተኛ ጠብቄ የ200 ሚሊቮልቱን መስመር ተጠቀምኩ። በእያንዳንዱ ፊውዝ ራስ ላይ ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አሉ፤ የቴስተሩን ጫፎች በእነዚያ ላይ ሳሳርፍ ኃይል የማያልፍበት ፊውዝ 0.0 ያሳያል፣ የሚያልፍበት ግን ትንሽ ቁጥር ይሰጣል። አሥራ ሁለት ፊውዞች 0.0 አሉ። አሥራ ሦስተኛው፣ ባለ 10 አምፔሩ፣ 3.1 ሚሊቮልት አሳየ። በክዳኑ ሥዕል ላይ የተጻፈው «የውስጥ መብራት» ነበር።

በመኪናው ውስጥ የበራ ነገር አይታየኝም። የቀረው የኋላ ኮፈን መብራት ነው፤ እሱን ደግሞ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት አይቻልም፣ ሲከፈት መብራቱ ግዴታው ነውና። ስልኬን ቪዲዮ እየቀዳ ውስጥ አስቀምጬ ኮፈኑን ዘጋሁት። ለሁለት ደቂቃ ያህል ከጠበቅሁ በኋላ አውጥቼ ስመለከት፣ በቪዲዮው ውስጥ የኮፈኑ ክዳን ሲወርድ፣ ሲቆለፍና በጨለማ ሊዋጥ የሚገባው የመለዋወጫ ጎማ ሽፋን ፍንትው ብሎ ሲታይ አየሁ። የአምፖሉን ሽፋን በጣቴ ስነካውም ትኩስ ነበር። ባለ 5 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ላይ 0.42 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ከተገቢው ፍጆታ ጋር ሲደመር ቴስተሩ ካነበበው ጋር ይስማማል። ጥፋቱ የነበረው በማቆለፊያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ላይ ነው፤ ምላሷ ተጣብቃ ኮፈኑ ሲዘጋ አልገባ ብላለች። አምፖሉን ለጊዜው ነቀልኩት፤ በኋላም ማብሪያዋን ቀየርኩ።

ስለ ቴስተሩ የቀሩ ሁለት ጉድለቶችን መጥቀስ ተገቢ ነው። የራሱ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ንባቡን ከእውነተኛው በላይ ያደርገዋል፤ በአንድ ወቅት ያረፈውን ባትሪ 13.4 ብሎ ሲያነብልኝ የማይሆን ቁጥር መሆኑን ባላውቅ ኖሮ እደሰት ነበር። ስክሪኑም የጀርባ ብርሃን ስለሌለው ኮፈን ሥር ባለ ጥላ ውስጥ ለማንበብ ያስቸግራል። ከዚህ ውጭ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። ቻርጀሩንም ቢሆን አትግዙት አልልም፤ ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ ባትሪውን በሙሉ ሙላት ያሳረፈው እሱ ነው፤ በግማሽ ሙላት ለሳምንታት የሚቆይ ባትሪ ሰልፌቱ እየጠጠረ አቅሙን ስለሚያጣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሶኬቱን መለኪያ ግን በድጋሚ አልገዛውም።

ባትሪው አብጦ፣ ተሰንጥቆ ወይም የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ እየሰጠ ከሆነ ከነዚህ መሣሪያዎች አንዱም ሊቀርበው አይገባም፤ በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ያሉትን ብርቱካናማ ኬብሎችም እንዲሁ። ከዚያ ውጭ ያለውን የ12 ቮልት ሥራ ጠንቃቃ ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ማብሪያዋ ከተቀየረች በኋላ መኪናው ዘጠኝ ቀን ሳይንቀሳቀስ ቆመ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ኮፈኑን አንሥቼ ስለካ ቴስተሩ 12.54 አነበበ፤ ቁልፉንም ሳዞር በዳሽቦርዱ ላይ ምንም ጽሑፍ አልወጣም።